ዳይፐር በቅርቡ ከተወ ልጅ ጋር ከጎንደር ወደ ጣና

ልጅ ዳይፐር በተወ በወሩ ቤቱ ሁሉ ይቀለዋል። ወጪው ይቀንሳል፣ አያት ሳትቀር «ጎበዝ ሆነልን» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። «እስቲ ልጁን ይዘን ዘጌን ተሳልመን እንምጣ» የሚባለውም ያኔ ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ በመኪና 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ የጀልባው 1 ሰዓት ሲጨመር ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። እኛም እንዲሁ አስበን ተነስተን፣ ለሳምንታት የደከምንበት ነገር በአንድ ቀን ሲናድ አይተናል። ይህን የምጽፈው ሌላው ቤተሰብ ያንን እንዳይደግም ነው። የራሳችንን ወሬ አላበዛም፤ የሚጠቅመው ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ማወቁ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ የ2 ዓመት ተኩል ልጅ ዳይፐር ተወ ስንል በየትም ቦታ ሽንቱን መያዝና መናገር ቻለ ማለት አይደለም። የለመደው ቤት ያለችውን ፖፖ፣ ያቺን ጥግ፣ ያንን ሰዓትና ከጎኑ የምትቀመጠውን ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ይንገዳገዳል፤ አራቱም በአንድ ጠዋት ሲጠፉ ደግሞ ምንም እንዳልተማረ ይሆናል። ስለዚህ የጉዞው ሥራ በሙሉ ከእነዚያ ነገሮች የቻሉትን ያህል ይዞ መሄድ ነው።

መቼ ይሂድ ለሚለው የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ቀን ቀን ቢያንስ ለ3 ሳምንት ያህል አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ካላመለጠው፣ ከመምጣቱ በፊት በአፉም ባይሆን በምልክት ከተናገረ፣ ከቤታችሁ ውጭ ቢያንስ 2 ቦታ ላይ ተቀምጦ ከሸና ይሂድ። ሌሊት ማርጠቡ አያስጨንቃችሁ፤ የሌሊቱ ከቀኑ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ አራስ ካለ ወይም ልጁ ከሕመም ገና ካገገመ ግን አቆዩት። ክረምትም አይሁን፤ ሐይቁ ይናወጣል፣ ፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፣ የረጠበ ልብስም አይደርቅም። ለጥምቀት ሰሞን የመጣ ዘመድ «አብረን እንውረድ» ቢላችሁም የልጁን የመጀመሪያ ጉዞ በዚያ ግርግር አታድርጉት፤ መንገዱም ሆቴሉም ይጨናነቃል፣ ሽንት ቤት ፊት ደግሞ ሰልፍ አለ። 2 ደቂቃ መጠበቅ የማይችል ልጅ ሰልፍ አይችልም።

ልምምዱን ጎንደር ውስጥ ጨርሱት። ለጀልባ ሞተር ጩኸትና መንቀጥቀጥ ከሁሉ የሚቀርበው ባጃጅ ነው። ከፒያሳ አዘዞ በባጃጅ ደርሶ መመለስ ጥሩ ፈተና ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ፖፖ ላይ ይቀመጥ፣ አዘዞ ስትደርሱ እንደገና ይቀመጥ። ባጃጁ ውስጥ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፦ «ሽንቴ መጣ» ቢል አይሰማም። ጀልባ ላይ ብዙ ልጅ የሚያመልጠው በዚህ ነው፤ ልጁ ተናግሯል፣ የሰማው የለም። ስለዚህ ከአፍ ይልቅ የእጅ ምልክት አስለምዱት። የእናቱን ወይም የአባቱን ጉልበት በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ በቂ ነው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ፖፖ ሲጠይቅ «ጉልበቴን መታ አድርግ» እያላችሁ አለማምዱት፤ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ልምምድ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። በየከተማውም በየገዳሙ ደጃፍም የምታገኙት አብዛኛው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ትንሽ ልጅ ጨለማውን ጉድጓድ አይቶ መፍራቱ ተፈጥሮ ነው። መግፋት የለም። ትልቁ ሰው ከልጁ ኋላ ቁጢጥ ይበልና የልጁን ጀርባ ከደረቱ ያስጠጋ፤ ሁለት እጁን ከጭኖቹ ሥር አስገብቶ ጉልበቶቹ ከወገቡ ከፍ እንዲሉ አድርጎ ይያዘው። ጉልበት ከፍ ሲል የታችኛው ጡንቻ ይላላል፣ ካካውም ይቀላል። ሱሪውን ቁርጭምጭሚት ላይ አትተዉት፤ ከአንድ እግሩ ሙሉ በሙሉ አውልቁት፤ አለዚያ የሚረጥበው እሱ ነው። ወንድ ከሆነ ወደ ፊት እንዳይረጭ ብልቱን ወደ ታች ዝቅ አድርጉለት። ሴት ስትሆን ጠረጋው ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው።

ፖፖውን በተመለከተ ለመንገድ ብላችሁ አዲስ አትግዙ። ቤት ያለችውን፣ ቀለሟን የሚያውቃትን ያዙ። ሰፊና ከባድ ከሆነች ከጉዞው 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ትንሿን ግዙና ቤት ውስጥ ተጠቀሙባት፤ የምትሄደው የተለመደች መሆን አለባት። ግርጌዋ ሰፋ ያለና የማይንሸራተት ይሁን፤ ጠባብ ግርጌ ያላት ጀልባ ላይ ትገለበጣለች። ውስጧን በፌስታል አልብሱ፣ ከፌስታሉ ሥር አንድ እፍኝ ሶፍት ወይም አሮጌ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ፤ ሽንቱን ይመጠዋል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። ካለቀ በኋላ ፌስታሉን ቋጥራችሁ ሌላ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ጨምሩ። ፌስታሉን ቀድማችሁ ውሃ ሞልታችሁ ፈትኑት፤ የሚያፈስ ብዙ ነው።

ልብሱ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ለአንድ ቀን 5 ፓንት፣ 4 ሱሪ፣ 3 ጥንድ ካልሲና ትርፍ ጫማ ያስፈልጋል። ጫማውን የሚያስብ የለም፤ ሽንት ግን እግሩን ተከትሎ ወርዶ የሚጠራቀመው ጫማ ውስጥ ነው፣ የስፖርት ጫማ ስፖንጅ ደግሞ በአንድ ቀን አይደርቅም። የፕላስቲክ ሰንደል ይሁን፤ ታጥቦ ወዲያው ይደረጋል። ሱሪው ወገቡ ላስቲክ ብቻ ይሁን፤ ቀበቶ፣ ዚፕና ትከሻ ላይ የሚታሰር ሱሪ እቤት ይቅር። አንድ ፓንት፣ አንድ ሱሪና አንድ ጥንድ ካልሲ በአንድ ፌስታል እያደረጋችሁ አሰናዱ፤ በቸኮላችሁ ጊዜ በአንድ እጅ አንዱን ስባችሁ ታወጣላችሁ፣ የረጠበው ደግሞ በዚያው ፌስታል ይገባል። ልጁን የምታቅፈው እናትም ትርፍ ቀሚስ ወይም ነጠላ ትያዝ፤ ልጁ ተለውጦ እሷ ስትሸት የምትውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለማጠቢያ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱና ክዳኑን በጋለ ምስማር 4 ወይም 5 ቦታ ብሱት፤ ጨመቅ ሲያደርጉት እንደ ሻወር ይወርዳል፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ለአንድ ሙሉ እጥበት ይበቃል። መኪና ውስጥ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ ጀልባ ላይ 2 ሊትር ይኑራችሁ። ሳሙና፣ ሶፍት፣ 2 አሮጌ ፎጣና ከመቀመጫ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ ጨምሩ። ላስቲኩን እርቃኑን አታንጥፉት፤ ያላብና ያንሸራትታል። ፎጣው ከላይ፣ ላስቲኩ ከሥር ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንምጣ፤ ከሽንቱ ይልቅ ጉዞ የሚያበላሸው ይህ ነው። ልጅ በማያውቀው ቦታ ካካውን ይይዛል። አንድ ቀን ሲይዘው ይደርቃል፣ በማግስቱ ሲወጣ ያመዋል፣ ስላመመው ደግሞ አሁንም ይይዘዋል። የተጠራቀመው ደረቅ ካካ ፊኛውን ስለሚጫን ቀን ቀን ደረቅ የነበረ ልጅ ሽንት ጠብ ጠብ ማድረግ ይጀምራል። አንዳንዴም ቀጭን ፈሳሽ በደረቁ ጎን አልፎ ፓንቱን ያቆሽሸዋል። ወላጅ ያን ጊዜ ተቅማጥ ያዘው ብሎ ፍራፍሬ ይከለክላል፤ ነገሩ ግን ድርቀት ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ 4 ቀን ቀደም ብላችሁ ፓፓያና ብርቱካን፣ ምስርና አትክልት፣ በዛ ያለ ውሃ ስጡት። ያልበሰለ ሙዝ ያደርቃል፤ ወተትም ሲበዛ እንዲሁ። ለመንገዱ በሶ፣ ዳቦና የበሰለ ሙዝ ጥሩ ነው። ቆሎ ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም፣ መኪና ሲዘል ያንቀዋል። ከምግብ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጀት ራሱ ይነሳሳል፤ ቁርስ ካበላችሁት በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ፖፖ ላይ አስቀምጡት። እግሩ መሬት ወይም ዱካ ይንካ፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ማማጥ አይችልም።

መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግር ብሎ ውሃ መከልከል ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው፤ በደግ ልብ ስለሚደረግ ማንም አይጠረጥረውም። ውሃ ያጣ ልጅ ሽንቱ ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያናድዳል፣ ልጁም ጥቂት ጥቂት እየመጣበት ቶሎ ቶሎ ያመልጠዋል፤ ድርቀቱም ይብስበታል። ጎንደር ከባሕር ዳር ይልቅ ደጋ ናት፤ ወደ አዲስ ዘመንና ፎገራ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ልጁም ይጠማዋል። በየ20 ደቂቃው 2 ወይም 3 ጉንጭ ውሃ ስጡት። ሻይና ለስላሳ ግን ይቅር፤ ሻይ ሽንት ያበዛል።

ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያ ሳምንት ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ፤ መንገድ ላይ ረጅም መቆም ካለ ጉዞውን አስተላልፉ። መኪና ከሆነ ኮንትራት ወይም የራስ ይመረጣል። በአባዱላ የምትሄዱ ከሆነ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሹፌሩን በግልጽ ንገሩት፦ «ወንድሜ፣ ሕፃን ይዘናል፤ ማክሰኝት፣ አዲስ ዘመንና ወረታ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ ትቆምልናለህ።» ቀድሞ የተነገረው ሹፌር አይከፋውም። መንገድ ላይ «ቁምልን! ቁምልን!» ሲባል ግን ይቆጣል፣ ልጁም የቁጣው ምክንያት እሱ መሆኑ ይገባዋል። መቀመጫችሁ በሩ አጠገብ ይሁን፤ ከኋላ ከሆናችሁ እስክትወርዱ ድረስ አልቋል።

ማክሰኝት 1 ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ልጁ «የለም» ቢልም ይቀመጥ። «ሽንትህ መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ በዚህ ዕድሜ መልሱ ሁልጊዜ «አልመጣም» ነው። «አሁን መኪናው ቆሟል፣ ፖፖ ላይ ቁጭ የምንልበት ሰዓት ነው» በሉት፤ 2 ደቂቃ ተቀምጦ ካልመጣ አመስግናችሁ አንሱት። ከዚያ አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ወረታ፤ ከወረታ ባሕር ዳር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ፖፖዋን ከመኪናው በአስፋልቱ ተቃራኒ በኩል፣ በበሩ ከለላ አስቀምጡና በነጠላ ጋርዱት፤ የመንደር ልጆች ከበው ካዩት ይዘጋበታል። መኪና እየሄደ ፖፖ ላይ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም። በሌሊት የተነሳ ልጅ መንገድ ላይ ይተኛል፤ በነቃ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀመጠ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ዓይኑን እንደገለጠ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው።

«ለዛሬ ብቻ ዳይፐር እናድርግለት» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። የእኔ አቋም ቀን ቀን አይደረግም ነው። ልጁ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ነገር አይገባውም፤ የሚገባው «እንደገና እዚያ ውስጥ መሽናት ይቻላል» የሚለው ነው። ማታ ማታ ግን ይደረግ፤ ስሙን ብቻ ለውጡት፣ «የእንቅልፍ ሱሪ» በሉትና ጠዋት ሲነሳ እሱ ራሱ ያውልቀው።

የባሕር ዳሩን የመኪና መንገድና ጀልባውን በአንድ ቀን አታድርጉ። ምክሮቹን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ። 3 ሰዓት መኪና ላይ የቆየ ልጅ ሲደክም መጀመሪያ የሚተወው አዲስ የተማረውን ነው። ባሕር ዳር እደሩ። ሆቴሉ ውስጥ ፖፖዋን ቤት እንዳለችው አልጋው አጠገብ፣ ልጁ እያያችሁ አስቀምጧትና «ፖፖህ እዚህ ናት» በሉት። የሆቴሉን ሽንት ቤት ውሃ እሱ ላይ ተቀምጦ እያለ አትልቀቁት፤ ድምፁ ያስደነግጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አይጠጋውም። ፍራሹ ላይ ላስቲክና ፎጣ አንጥፉ። የባሕር ዳርና የጎርጎራ አካባቢ ወባ ስላለበት አጎበር ይጠየቅ።

የጀልባውን መድረሻ ስትመርጡ የልጁን ፊኛ መለኪያ አድርጉ። ከባሕር ዳር እንጦስ ኢየሱስ ቅርብ ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን እመርጣለሁ። ዘጌ 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ ጥሩ ሁለተኛ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ለእኛ ለጎንደሮች ብትናፍቅም መሄጃው ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ ልጁ አድጎ ይሳለማታል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ወንድ ልጅ ይዞ የሚገባው አባት ነውና፣ ምልክቱንም ፖፖውንም እናት ብቻ የምታውቀው ከሆነ እዚያ ላይ ይበላሻል። አባት ከጉዞው በፊት ቢያንስ 1 ሳምንት እሱ ራሱ ያስቀምጠው። ሩቅ መንገድ የማይሆንላችሁ ደግሞ ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ሲና ማርያምን በእግር ተሳልማችሁ፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ዞር ብላችሁ በዚያው ቀን መመለስ ትችላላችሁ።

ጀልባውን የምትነጋገሩት በዋዜማው ነው። ጣና ጠዋት የተኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ይናወጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ሌሎች መንገደኞች የሌሉበት ጀልባ ይሻላል፤ ለማቆም የምትለምኑት አንድ ሰው ብቻ ነው። የልጅ ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ «አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ነው። አልብሳችሁ ትከሻዎቹን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፣ ስለዚህ ሌላ ይፈለግ።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ደህና የልጅ ላይፍ ጃኬት በሁለት እግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ አለው፤ ጃኬቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ያ ማሰሪያ እንደታሰረ ሱሪ አይወልቅም። ልጁ ጉልበታችሁን ሲመታ የቀራችሁ ጊዜ 1 ወይም 2 ደቂቃ ነው፤ ማሰሪያውን መፈለግ ከጀመራችሁ አለፈ። ስለዚህ ወደቡ ላይ እያላችሁ፣ ሳትነሱ፣ ማሰሪያውን 3 ጊዜ ፍቱና እሰሩ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትፈቱት ድረስ። ጀልባው ላይ ሰዓቱ ሲደርስ ጃኬቱ አይወልቅም። ነጂው ሞተሩን ዝቅ ያድርግ፤ ፖፖዋ ወንበር ላይ ሳይሆን ጀልባው ወለል ላይ፣ መሃል ላይ ትሁን። አንዱ ሰው ተንበርክኮ ልጁን ከብብቱ ይያዝ፣ ሌላው የእግሩን ማሰሪያ ብቻ ፈትቶ ሱሪውን ያውልቅ። ሲጨርስ መጀመሪያ ማሰሪያው ይታሰራል፣ ፌስታሉ ከዚያ በኋላ ይቋጠራል። ልጅን በጀልባው ጠርዝ ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ማሸናት እናያለን፤ አንድ ማዕበል ይበቃዋል፣ አታድርጉት።

ከመሳፈራችሁ በፊት የመጨረሻው ነገር ፖፖ ነው፤ ቲኬትም ፎቶም ከዚያ በፊት ይለቅ። ሐይቁ ላይ ጠዋት ንፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ብርድ ደግሞ ሽንት ያመጣል፤ ጭኑንና ሆዱን በጋቢ ወይም በኩታ ሸፍኑት። ከሞተሩ ርቆ፣ ወደ ፊት በኩል ይቀመጥ። የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ደረቅ ዳቦ ስጡትና ሩቅ ያለውን ዳር እንዲያይ አድርጉ፤ የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን አይሰጥም።

ዘጌ ስትወርዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በቡናው ጫካ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ዳገት አለ። ልጁን ካዘላችሁት ፊቱ አይታያችሁም፤ ዝም ማለቱ፣ እግሩን ማጣበቁ፣ በጣቱ መቆሙ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ያመልጧችኋል። በደረት አቅፉት ወይም በእግሩ ይሂድ። ከቅጥሩ ውጭ፣ በሩ ሳይደረስ እንደገና ይቀመጥ። ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲው ደረቅ መሆኑን እዩ። ሥዕሎቹን እያያችሁ ጉልበታችሁን ከመታ «ቆይ አንዴ» አትበሉት፤ ያቺ «ቆይ» ናት ምንጣፍ የምታስረጥበው። ይዛችሁት ውጡ፣ ሥዕሉ አይሄድም።

ሲያመልጠው፣ አንድ ጊዜ ማምለጡ አይቀርምና፣ ፊታችሁ አይለወጥ። «ረጠብክ፤ ሽንት የሚገባው ፖፖ ውስጥ ነው፤ ና እንቀይር» ብቻ በቂ ነው። «አሳፈርከኝ» አይባልም። «ይሄ ትልቅ ልጅ!» የሚሉ እናቶች በየወደቡ አሉ፤ ለእነሱ «ገና እየተማረ ነው እማማ» በሉና ልጁ ይስማው። የምታጥቡት በያዛችሁት ውሃ ነው። በሐይቁ ውሃ መቀመጫውን አታጥቡት፣ ዳር ዳሩ ላይም እግሩን አይንከር፤ ጣና ዳርቻው ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ በቆዳ ነው የሚገባው። ፖፖውንም ሐይቁ ውስጥ አትድፉ፤ የትል እንቁላሉ ወደ ውሃው የሚመለሰው በሰው ካካ ነው፣ ያንን ውሃ ደግሞ የሚጠጣው ሰው አለ።

እውነተኛ ተቅማጥ ከመጣ ነገሩ የፖፖ መሆኑ ይቀራል። 1 ፓኬት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ይደፋል። ደም ካለበት፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው። ሲሸና የሚያለቅስ ወይም ትኩሳት ያለው ልጅም የሽንት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ «ረስቶት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በትልቅ የባሕር መርከብ እንውሰዳችሁ ቢሏችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። አብዛኞቹ ከ6 ወር በታች ሕፃን አይወስዱም። የመርከቡ መዋኛ ብዙውን ጊዜ ዳይፐር ያደረገ ልጅ አይቀበልም፣ የመዋኛ ዳይፐር ቢሆንም እንኳ፤ ልጅ ውሃው ውስጥ ካመለጠው መዋኛው ተዘግቶ ይታከማል። የልጆች መዋያውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ3 ዓመት ሲሆን ዳይፐር መተውን ይጠይቃል። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የልጁን ዕድሜና ያለበትን ደረጃ ነግራችሁ አስጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ ግን ያቺው የቤቷ ፖፖ ትሠራለች።

ስትመለሱ ልጁ 1 ወይም 2 ሳምንት ወደ ኋላ ሊል ይችላል። አትደንግጡ፣ ቀን ዳይፐር አትመልሱ፤ ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከምግብ በኋላና ከመውጣቱ በፊት የሚቀመጥባቸውን ሰዓቶች ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። ከ3 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይየው። ፖፖዋን መጀመሪያ በሳሙና እጠቧት፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩባት፣ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቋት። ማታውኑ ልጁ ራሱ ተሸክሞ ወደ ድሮ ጥግዋ ይመልሳት።